ለላንድስኬፕ ኢኮሎጂ ኮንፈረንስ አብስትራክት ልልክ ስድስት ቀን ቀረኝ፣ እስኪ እዩልኝ

ወይራ ሥር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ከረማችሁ?

ማስተርሴን ባለፈው ዓመት ጨርሻለሁ። ጥናቴ ደቡብ ጎንደር ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። 19 ደብሮች መርጬ፣ የደናቸውን ስፋት እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ2003 እና በ2023 ከተነሱ የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ለካሁ። ከዛ በእግሬ እየዞርኩ ዛፍ ቆጠርኩ። አሁን አማካሪዬ አውሮፓ ውስጥ የሚካሄድ የላንድስኬፕ ኢኮሎጂ (የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር) ኮንፈረንስ ጥሪ ልከውልኝ "ይሄማ በልክ የተሰፋ ነው፣ ይላክ" አሉኝ።

ችግሬ አምና ለሌላ ኮንፈረንስ ልኬው ተመልሶብኛል። የሰጡኝ ምክንያት አንድ መስመር ነው፣ "አዲስ ነገሩ ግልጽ አይደለም" ይላል። ከዛ ወዲህ ፋይሉን እከፍተዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

አብስትራክቱ፣ ማለትም የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ እንዲመች ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፦

"የደን መመናመን ዓለም አቀፍ ችግር ነው። የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለብዝኃ ሕይወት ከፍተኛ ጠቀሜታ ቢኖራቸውም በቂ ጥናት አልተካሄደባቸውም። የዚህ ጥናት ዓላማ በደቡብ ጎንደር 19 ደኖች ላይ የታየውን የሽፋን ለውጥ መገምገም ነው። የላንድሳት ምስሎች ተተንትነው በፍራግስታትስ ሶፍትዌር የላንድስኬፕ መለኪያዎች ተሰልተዋል። ውጤቱ በአብዛኞቹ ደብሮች የደን ሽፋን መጨመሩን ያሳያል። ዝርዝር ውጤቱ በኮንፈረንሱ ላይ ይቀርባል። ለሚመለከታቸው አካላትም ምክረ ሐሳብ ተሰጥቷል።"

ምን ጎደለው? ኦራል (በንግግር ማቅረብ) ልጠይቅ ወይስ ፖስተር (ተለጥፎ የሚታይ)? ፎርሙ ላይ ፋሚሊ ኔም ይላል፣ የአባቴን ነው የአያቴን የምጽፈው? ቢቀበሉኝስ ቪዛውና ክፍያው እንዴት ነው የሚሆነው? ደግሞ ዴድላይኑ ማክሰኞ "23:59 ኤኦኢ" ይላል። ኤኦኢ ማን ነው? ብዙ ጠየቅኩ መሰለኝ፣ ይቅርታ።

ፒክስል ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፣ አጻጻፍህ ግን ሥራውን ደብቆታል። ሁለት ኮንፈረንስ ላይ አብስትራክት ገምግሜ ስለማውቅ ከዛ ወንበር ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

ገምጋሚው ቀን ሥራ ውሎ፣ ማታ ሻይ ይዞ ከ30 አብስትራክት ጋር የተፋጠጠ ሰው ነው። "የደን መመናመን ዓለም አቀፍ ችግር ነው" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሲያገኝ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ወደ ሦስተኛው መስመር ይዘላል። ከአንተ በፊት ያነበባቸው አምስቱም እንደዛ ነው የጀመሩት። ክፋት የለውም፣ ደክሞት ነው።

"በቂ ጥናት አልተካሄደባቸውም" የምትለውን ዛሬውኑ አጥፋ። ደቡብ ጎንደር እኮ ነው! ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው፣ ከዛ ወዲህ ደግሞ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ሰው ጽፏል። የአንተን አብስትራክት የሚያነበው ሰው ራሱ ከጻፉት አንዱ ቢሆንስ? ጓዳው ድረስ ገብተህ "እዚህ ቤት ሰው የለም" እንደማለት ነው።

"ዝርዝር ውጤቱ በኮንፈረንሱ ላይ ይቀርባል" ደግሞ ሠርግ ጠርቶ ምግቡ ሌላ ቀን ነው ማለት ነው። ውጤት ካለህ እዚሁ ጻፈው። የላክኸው ውጤት የሌለው ሰው ይመስላል፣ አንተ ግን አለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። "ጨምሯል" ብለሃል። ላንድሳት አንድ ፒክስሉ፣ ማለትም የምስሉ አንድ ነጥብ፣ 30 በ30 ሜትር፣ 900 ካሬ ነው። 3 ሄክታር የሆነ የደብር ደን ውሰድ። ስታካፍለው 33 ፒክስል ገደማ ይወጣል። በቃ፣ ደንህ 33 ነጥብ ነው። ደኑ ቤተ ክርስቲያኑን ስለሚከብ ክብ ነው እንበል፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ 98 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ዛፍ ላይ የሚያርፉት ፒክስሎች 20 ቢሆኑ ነው፣ ጠርዝ ላይ ያሉት በሙሉ ከፊሉ ዛፍ ከፊሉ የጤፍ ማሳ ነው። ዙሪያውን ግማሽ ፒክስል፣ ማለትም 15 ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ብትሳሳት ከሩብ በላዩ ደን ጠፋ። ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ብትሳሳት ደግሞ ደኑ በአንድ ሦስተኛ ሰፋ። ዛፍ ሳትተክል! ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ ጭማሪህ ከዚህ ስሕተት ይበልጣል ወይ?

ሁለተኛ፣ ምኑ ነው የጨመረው? ጥዱ? ወይራው? ወይስ ባሕር ዛፉ? በበጋ ምስል ማሳው ደርቆ ደኑ ለብቻው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ግን ባሕር ዛፍም አረንጓዴ ነው። 33 ነጥብ ላይ ደግሞ ዝግባና ባሕር ዛፍ መለየት ቀልድ ነው። ሴንቲነል 2 የሚባለው ሳተላይት በ10 ሜትር ያንኑ ደን 300 ፒክስል ያደርግልህ ነበር፣ ግን የመጀመሪያው የተመጠቀው በ2015 ስለሆነ ለ1986 አይደርስልህም።

እግረ መንገዴን፣ የ2003 ምስልህ የየትኛው ወር ነው? ላንድሳት 7 ከሆነ ከሜይ 31 ቀን 2003 በኋላ የተነሳው ሁሉ መቃኛው ስለተበላሸ ጥቁር ሰንበር ሰንበር አለበት።

ወይራ ሥር፦

እህትህ ነኝ ሃሃ። ግን አመሰግናለሁ፣ እንደዚህ ያነበበልኝ ሰው የለም።

የ2003ቱ የጥር ወር ነው፣ ከብልሽቱ በፊት፣ ተርፌያለሁ።

ባሕር ዛፉ ግን... እውነቱን ልናገር? ሳየው ነበር። አንዱ ደብር ስደርስ ከመኪና መንገዱ እስከ ደኑ በር ያለው በሙሉ ባሕር ዛፍ ነው። መስመር ይዞ የተተከለ። ውስጥ ስገባ ነው ጥዱና ወይራው የሚጀምረው። ማስታወሻዬ ላይ "ዙሪያው ባ.ዛ." ብዬ ጽፌያለሁ፣ ስንት ደብር ላይ እንደጻፍኩት ግን ቆጥሬው አላውቅም። ቲሲሱ ላይም "ደን" ብዬ አንድ ላይ ጠቀለልኩት። ጭማሪ ጥሩ ዜና ስለነበር ሁላችንም ደስ ብሎን ዝም አልን።

ቄሰ ገበዙን "አባቴ፣ ይሄ ባሕር ዛፍ መቼ ተተከለ?" ስላቸው ያሉኝ ትዝ ይለኛል። "ልጄ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲያምረው ነው የተከልነው" አሉ። ገቢው ለደብሩ ማሠሪያ ነው። መጀመሪያ ሜትር ይዤ ሲያዩኝማ "ለምን ትለኪዋለሽ፣ ልትሸጪው ነው?" ብለውኝ ነበር።

ፒክስል ቆጣሪ፦

ይቅርታ እህቴ፣ ልማድ ነው።

በይ ስሚ፣ አሁን የነገርሽን እሱ ነው አብስትራክቱ። ሌላው ማጀቢያ ነው። ከሳተላይት ሲታይ ደኑ ሰፋ፣ ጠጋ ብለሽ ስታዪው የሰፋው ቀለበት ነው፣ ቀለበቱም ባሕር ዛፍ ነው፣ የተተከለውም ለቆርቆሮ ነው። ላንድስኬፕ ኢኮሎጂ የሚጠይቀው ስንት ሄክታር ቀረ ብቻ አይደለም። ቁርጥራጩ እንዴት ተቀመጠ፣ ዙሪያው ምንድነው፣ አቀማመጡ ውስጡን ምን ያደርገዋል ነው። አንቺ ደግሞ ጠርዙ የተቀየረ ደን ይዘሻል።

ጠርዝ ስልሽ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ያንን 3 ሄክታር ክብ ደን እንደገና ውሰጂ። ነፋሱ፣ ፀሐዩና ከብቱ 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል ብንል፣ በእውነት "ውስጥ" የሚባለው ከሩቡ እንኳን ያንሳል፣ ከ1 ሄክታር በታች። ባሕር ዛፉ ያንን ጠርዝ ይከላከልለታል ወይስ ራሱ ገብቶ ውሃውንና ብርሃኑን ይሻማዋል? ይሄን መልሺ እያልኩ አይደለም። ጥያቄውን ማንሳትሽ ብቻ አዳራሽ ይሰበስብልሻል።

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ የቤት ሥራ። ጎግል ኧርዝ ላይ 19ኙን ደብሮች አንድ በአንድ ክፈቺ። ባሕር ዛፍ ከላይ ሲታይ መስመር አለው፣ አናቱም እኩል ነው፣ የአገር በቀሉ ደን ደግሞ ጎመን የፈላበት ድስት ይመስላል፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ። ከማስታወሻሽ ጋር አመሳክሪና ስንቱ ላይ ቀለበቱ ባሕር ዛፍ እንደሆነ ቁጥር አምጪ።

ቆላ ደጋ፦

እኔ ደግሞ ላበላሽባችሁ። ለምን ትሄዳለች? ለ12 ደቂቃ ንግግር የመመዝገቢያ፣ የአውሮፕላን፣ የሆቴል፣ የቪዛ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ያ ሁሉ በብር ሲመነዘር ያማል። በዛ ጊዜ ጽሑፉን ለጆርናል ብትጨርሰው አይሻልም? ኮንፈረንስ ብዙ ጊዜ የቡና ዕረፍት ነው።

ደግሞ እህቴ፣ ጥሪው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጪ። "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ ማስተርስ ለጨረሰ ሰው የሚጽፍ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በአንድ ቀን ሕክምናም ምህንድስናም ሥነ ምህዳርም የሚያስተናግድ፣ በሦስተኛው ቀን "ተቀብለናል፣ ክፈሉ" የሚል አለ። ስሙ ከእውነተኛው ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

የናይሮቢው ተሳፋሪ፦

@ቆላ ደጋ ስለ ሐሰተኞቹ ልክ ነህ። ስለ ቡና ዕረፍቱ ግን አልስማማም፣ እኔ ሥራ ያገኘሁት ቡና ዕረፍት ላይ ነው።

የዚህ ሙያ ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አይኤኤልኢ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለ ነው። የዓለም ኮንግረሱ በአራት ዓመት አንዴ ነው። 2015 ፖርትላንድ፣ 2019 ሚላኖ፣ ከዛ በጁላይ 2023 ናይሮቢ መጣ። ለኛ ናይሮቢ ማለት ቪዛ የለም ማለት ነው፣ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ብቻ። በመሐል ባሉት ዓመታት አውሮፓም ሰሜን አሜሪካም የየራሳቸውን ያካሂዳሉ። ጥሪው ከእነዚህ ወገን ከሆነ ከማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ፣ እዛ ከሌለ ተጠራጠሪ።

ኦራል ወይስ ፖስተር ላልሽው። ሁሉም ኦራል ይፈልጋል። እኔ ፖስተር ደርሶኝ አኩርፌ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፖስተሬ ሥር ቆሜ ከሰባት ሰው ጋር ቁም ነገር አወራሁ። ኦራል የነበረው ጓደኛዬ በ12 ደቂቃ ጨርሶ፣ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ ወረደ። የጠየቀውም "ምስሎቹ የየትኛው ወር ናቸው" ብሎ ነው፣ ስለዚህ ጥርሽን እንዳትረሺ። ፖስተር ከሆነ ጨርቅ ላይ አሳትሚው። ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በካርቶን ቱቦ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ሥቃይ ነው፣ አንዴ ወንበር ሥር፣ አንዴ ጭንሽ ላይ።

ከዛ በላይ ግን ሲምፖዚየሞቹን፣ ማለትም በአንድ ርዕስ የተሰባሰቡትን ክፍለ ጊዜዎች፣ እዪ። አብስትራክት ስትልኪ ብዙ ጊዜ "ለአጠቃላይ ነው ወይስ ለዚህ ለዚህ ሲምፖዚየም" ይልሻል። ስለ ቅዱስ ቦታዎች፣ ስለ ትናንሽ ደኖች ወይም ስለ እርሻ መልክዓ ምድር የተዘጋጀ ካለ እዛ ውስጥ ግቢ። አጠቃላዩ ውስጥ ከገባሽ በስዊድን ደንና በቻይና ከተማ መሐል ትመደቢያለሽ፣ ሰሚውም ተቀላቅሎ የመጣ ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ኤኦኢ ሰው አይደለም ሃሃሃ። "በምድር ላይ የትም ቦታ" ማለት ነው። የምድር የመጨረሻዋ ጥግ ላይ ማክሰኞ እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቁሻል። ከኛ 15 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ የነሱ ማክሰኞ 23:59 ለኛ ረቡዕ ከቀኑ 8:59 ነው፣ በኛ አቆጣጠር፣ ምሳ ከተበላ በኋላ። "የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት" ቢል ኖሮ ግን በክረምታቸው ማክሰኞ ለሊት 7:59 ላይ ይዘጋብሽ ነበር። ሁለቱን ያምታታ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ራይን ዳር፦

ከጀርመን ነው የምጽፈው፣ ቪዛውን ለኔ ተዉት።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ተመላሽ ዜጎችን በመቀበል ላይ ትብብር አነሰ ብሎ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ አውጥቷል። ለመወሰን የተቀመጠው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አደገ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቆመ። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። አርባ አምስት ቀን ማለት ቀጠሮ መጠበቂያውን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ የተቀበሉሽ ቀን፣ ደስታሽን ሳትጨርሺ፣ የግብዣ ደብዳቤ ጠይቂ።

ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ለምዝገባውና ለግብዣው ፓስፖርትሽን ክፈቺና ሰርኔም በሚለው ሥር ያለውን እንዳለ ገልብጪ። የጥናቱ ደራሲ ስም ግን ሌላ ነገር ነው። እዛ ላይ ስምሽንና የአባትሽን ስም ጻፊ፣ ዕድሜ ልክሽንም በዛው ቀጥዪ። አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት የጻፈ ሰው ኋላ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። እኔ ጎግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው) ላይ ሦስት ነኝ፣ አንዱ እንደውም ከኔ የበለጠ ተጠቅሷል።

ብሩን በተመለከተ። አብስትራክት መላክ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፣ ከፍለሽ መመዝገብ ያለብሽ ካለፈ በኋላ ነው። ግን አቅራቢው ካልተመዘገበ ከፕሮግራሙ ያወጡታል፣ ቀኑን ያዢ። ፎርሙ ውስጥ የጉዞ ድጋፍ ወይም ለዝቅተኛ ገቢ አገራት ቅናሽ የሚል ሳጥን ካለ ምልክት አድርጊበት፣ አትፈሪ። የብዙ ሰው ስሕተት መጀመሪያ ልለፍና ኋላ እጠይቃለሁ ማለት ነው። ያኔ ገንዘቡ አልቋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከርዕስ ውጭ፣ ይፈቀድልኝ። ላንድስኬፕ ኢኮሎጂ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ጀርመናዊው ካርል ትሮል ነው፣ ያወጣውም ስለ አየር ላይ ፎቶ ሲጽፍ ነው። በዛው ዘመን ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የኛን አገር ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ። አዲስ አበባ ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረው የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎችና የኛ ተመራማሪዎች አውጥተው ሠርተውባቸዋል። ከ19ኙ ደብሮችሽ አንዱ እንኳን እዛ ውስጥ ቢገኝ 1986ን መነሻ ማድረግ ቀረልሽ። ለዚህ ኮንፈረንስ አይደርስም፣ ለቀጣዩ ግን አስቢበት።

የደብሩ ልጅ፦

ሁላችሁም ጥሩ ተናገራችሁ። እኔ ዲያቆን ነኝ፣ ሳይንሱን አላውቅም። ግን የተማርኩት እንደዛ ያለ ደን ውስጥ በተሠራች ጎጆ ነው። ፊደል ከቆጠርኩበት ወይራ ሥር ነው ሽንብራ የበላሁት። የአብነት ተማሪ ማገዶ የሚለቅመው ከዛው ነው፣ ይሄንንም ጻፊው፣ አትሸፍኝልን።

ጥያቄ አለኝ። ለደብሩስ ምን ይመለሳል? ስንት ሰው ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ "እንልክላችኋለን" ብሎ ሄዷል። አንድ ወረቀት የላከ አላየሁም።

ወይራ ሥር፦

ዲያቆን፣ ነካኸኝ። እውነት ነው። የእያንዳንዱን ደብር ካርታ በትልቁ አትሜ፣ በአማርኛ አድርጌ ለመመለስ ለቄሰ ገበዙ ቃል ገብቼ ነበር። የስምንቱን አድርሻለሁ። የቀሩት ደብሮች አሁን መንገዱ አያስኬድም፣ ስልክም አንዳንዴ ነው የሚሠራው። ካርታው ግን ቤት ተቀምጧል። አንዱ ገዳም ደግሞ ሴት ስለማይገባበት ቆጠራውን የሠራልኝ ረዳቴ ነው፣ በሩ ላይ ቆሜ እሱ በስልክ ሲጠራልኝ እጽፍ ነበር። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጥድ፣ ጥድ፣ ጥድ።

@ፒክስል ቆጣሪ የቤት ሥራው አለቀ፣ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ከ19ኙ በላንድሳት ጨመሩ ያልኳቸው 14 ናቸው። ከ14ቱ በ11ዱ የጨመረው ቀለበት ባሕር ዛፍ ነው። በሁለቱ ጭማሪው አንተ ካልከው የግማሽ ፒክስል ስሕተት አይበልጥም፣ ማለትም ምንም የለም። በአንዱ ብቻ፣ የድንጋይ አጥር በተሠራለት ደብር፣ አገር በቀሉ ራሱ ወደ አጥሩ ተጠግቷል። አንድ ነው፣ ግን አለ። ለአማካሪዬ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያው ቲሲሱን እንደገና ልናነበው ነው" አሉ፣ ከዛ ሳቁ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አዲሱ ይሄ ነው፦

"በደቡብ ጎንደር ከመረጥናቸው 19 የቤተ ክርስቲያን ደኖች 14ቱ ከ1986 እስከ 2023 ባለው ጊዜ በላንድሳት ሲለኩ ሰፍተዋል። ጭማሪውን በመስክ ቆጠራና በከፍተኛ ጥራት ምስል ስናጣራው ግን በ11ዱ የተጨመረው ደብሮቹ ለገቢ የተከሉት የባሕር ዛፍ ቀለበት ነው፤ በሁለቱ ለውጡ ከግማሽ ፒክስል የጠርዝ ስሕተት አያልፍም። አገር በቀል ደን ወደ ውጭ የሰፋው በአንድ የታጠረ ደብር ብቻ ነው። የጥቂት ሄክታር ደኖችን በ30 ሜትር ምስል መከታተል የጠርዝ ለውጥን እንደ ደን ዕድገት ሊያሳይ እንደሚችል እናሳያለን። ባሕር ዛፉ ለውስጡ ደን መከለያ ነው ወይስ ተሻሚ የሚለውን ለመመለስ መለካት ያለበትንም እንጠቁማለን።"

በእንግሊዝኛ ከተፈቀደው ቃል በታች ነው። ምን ትላላችሁ?

ፒክስል ቆጣሪ፦

ላኪው። አንድ ነገር ብቻ፣ "በከፍተኛ ጥራት ምስል" ከማለት የጎግል ኧርዝ ምስል መሆኑንና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጻፊ፣ ምስሎቹ ከደብር ደብር ዓመታቸው ይለያያል። ገዳሙን የቆጠረልሽን ልጅ ደግሞ ደራሲ ባይሆን ምስጋና ውስጥ አስገቢው። "በቂ ጥናት አልተካሄደባቸውም" ስለጠፋ ቡና ልጋብዝሽ ይገባል።

ቆላ ደጋ፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ይሄማ ይሄዳል። ጆርናሉን ግን እንዳትረሺ።

ወይራ ሥር፦

ተላከ! ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ልክ "ሰብሚት" ስል ኢንተርኔቱ ሄደ። እስከ 6 ሰዓት ጠበቅኩ፣ የለም። @ዝም ብዬ አንባቢ አንተ ባትኖር ኖሮ አለቀሰች ማለት ነበር። ተኝቼ ተነሳሁ፣ ረቡዕ ጠዋት መጣ፣ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ላክሁት፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉም ደረሰ።

ስሙን እንዳላችሁት አደረግኩ። የጉዞ ድጋፍ ሳጥኑንም ነካሁት፣ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ስለ ትናንሽ ደኖች የሚል ሲምፖዚየም አግኝቼ እዛ ውስጥ ገባሁ።

የናይሮቢው ተሳፋሪ፦

ጎበዝ! ኦራል ነው ፖስተር ያልሽው?

ወይራ ሥር፦

"የትኛውም" የሚል ነበረ፣ እሱን ነካሁ። የጨርቅ ፖስተር የሚያትም ባሕር ዳር ውስጥ የምታውቁት ካለ በውስጥ ጻፉልኝ።